ጣት ሳይወጋ ስኳር የሚለካ ሰዓትና የኢንሱሊን ኪኒን፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የቀረበው ከአራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጠያቂው የ61 ዓመት እናታቸው የስኳር ሕመም እንዳለባቸውና ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እንደሚወጉ ገልጸው፣ ስታዲየም ዙሪያ በሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጣት ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል የተባለ የእጅ ሰዓት ማየታቸውን ጽፈዋል። በስልካቸውም «መርፌን የሚያስቀር የኢንሱሊን ኪኒን» የሚል ማስታወቂያ ደርሷቸዋል። «እናቴ መርፌው ሰልችቷቸዋል። ሁለቱን ልግዛላቸው ወይ? ሳይንሱ እዚህ ከደረሰስ ሐኪሞቻችን ለምን አይነግሩንም?» ይላሉ።

መልሴን በቅድሚያ ላስቀምጥ። ሰዓቱንም ኪኒኑንም አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቆዳን ሳይበሳ በራሱ የደም ስኳርን የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ በግልጽ አስታውቋል። በመደበኛ ሕክምና ላይ የዋለ የኢንሱሊን ኪኒንም የለም። ይሁን እንጂ «የለም» ብሎ ብቻ ማለፍ ለእናትዎም ለእርስዎም ተገቢ መልስ አይመስለኝም። መርፌው እስከ ዛሬ የቆየው ሌላ መንገድ የፈለገ ሰው ስለጠፋ ሳይሆን ከኢንሱሊንና ከደም ስኳር ከራሳቸው ተፈጥሮ የተነሣ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ነገ የሚመጣውን ማስታወቂያ በራሱ መመዘን ይችላል። መድኃኒት ወደ ሰውነት የሚደርስበትን መንገድ የሥራዬ ዋና ክፍል ያደረግሁ ፋርማሲስት እንደመሆኔ፣ ከኪኒኑ ልጀምር።

ኢንሱሊን በ51 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ፕሮቲን ነው። ጨጓራችንና ትንሹ አንጀታችን ደግሞ ፕሮቲንን ቆራርጦ ለመፍጨት የተሠሩ ናቸው፤ በሽሮ ውስጥ ያለውን ፕሮቲንና በኪኒን መልክ የተዋጠውን ኢንሱሊን ለይተው አያዩም። የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን ይጀምሩታል፣ ከቆሽት የሚመነጩት ትሪፕሲንና መሰሎቹ ይጨርሱታል። ከዚህ የተረፈ ጥቂት ኢንሱሊን ቢኖር እንኳ የአንጀት ግድግዳ በቀላሉ አያሳልፈውም። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች የሚውጡት ሜትፎርሚን ሞለኪውላዊ ክብደቱ 129 ዳልተን ያህል ሲሆን፣ ኢንሱሊን 5,800 ገደማ ነው፤ አርባ አምስት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ሜትፎርሚንም ሆነ ግሊበንክላማይድ እውነተኛ የስኳር ኪኒኖች ናቸው፣ ነገር ግን በውስጣቸው ኢንሱሊን የለም። የመጀመሪያው በዋናነት ጉበት የሚያመርተውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ቆሽት ያለውን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ይገፋፋል። ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ ሰዎች መርፌውን ትተው በእነዚህ ብቻ ልኑር ቢሉ ለከባድ አደጋ ይጋለጣሉ።

ሦስተኛው ችግር ከሁለቱ ይበልጥ ረቂቅ ነው፣ እኔም ለሕመምተኞች ስገልጽ ብዙ ጊዜ የምቆየው እሱ ላይ ነው። ኢንሱሊን በጥቂት ዩኒት ልዩነት ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ የሚችል መድኃኒት ነው። ከተዋጠው ኢንሱሊን ዛሬ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ወደ ደም ገብቶ፣ ነገ በባዶ ሆድ ስለተወሰደ ሁለት እጅ ቢገባ፣ ሕመምተኛው ሳያውቅ መጠኑን በእጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ለብዙ ሌሎች መድኃኒቶች ይህን ያህል መዋዠቅ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ በኢንሱሊን ግን ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል።

ሆኖም ተመራማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በካናዳ ቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1921 ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊንን ካወጡ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1922 ሌዎናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። የመጀመሪያው ዝግጅት በሚገባ ስላልጠራ ብዙም አልጠቀመውም፤ ኮሊፕ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ አጥርቶ ያዘጋጀው ግን ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ። በአፍ የመስጠት ሙከራም ከዚያው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተደርጓል። ቅርብ ከሆኑት መካከል በ2019 ውጤቱ የታተመውን ብንወስድ፣ በኪኒን የተሰጠ የተሻሻለ ኢንሱሊን በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን ላይ ለስምንት ሳምንታት ተሞክሮ ከሚወጋው ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል። ሆኖም ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለነበረ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው የኢንሱሊን ብዛት በሰፊው ለማምረት የማያዋጣ ሆኖ ተገኘ፤ አምራቹም ሥራውን አቆመ። በዚያው በ2019 ሴማግሉታይድ የተባለ ሌላ የስኳር መድኃኒት በኪኒን መልክ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ በጨጓራ ውስጥ መምጠጥን በሚያግዝ ንጥረ ነገር ታጅቦ የሚዋጥ ሲሆን፣ እንዲያም ሆኖ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሚሠራው በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀናት ስለሚቆይና የዕለት መዋዠቁ ስለማይጎዳው ነው። እርስዎ ያዩት ማስታወቂያ ምናልባት ይህን ዜና ከኢንሱሊን ጋር ያምታታ ሊሆን ይችላል፤ ሴማግሉታይድ ኢንሱሊን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራውና በ2019 የታተመው ካፕሱል ነው። ተመራማሪዎቹ በእኛም ሀገር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚገኘውን፣ ጀርባው እንደ ጉልላት ጉብ ያለውን የኤሊ ዓይነት ቅርጽ ተመለከቱ፤ ይህ ኤሊ በጀርባው ቢወድቅ ራሱን ይገለብጣል። ካፕሱሉም ተውጦ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ በየትኛውም ጎኑ ቢያርፍ ተገልብጦ በታችኛው ወገኑ ይቆማል። በውስጡ ጫፉ ከታመቀ ደረቅ ኢንሱሊን የተሠራ ጥቃቅን መርፌ፣ ከኋላው የተጨመቀ ሞላ፣ ሞላውን የያዘ የስኳር ቅንጣትም አለ። ቅንጣቱ በጨጓራ ፈሳሽ ሲሟሟ ሞላው ይለቀቅና መርፌውን ወደ ጨጓራ ግድግዳ ይገፋል፤ ጨጓራ ደግሞ በስለት ሲወጋ እንደ ቆዳ ሕመም የሚሰማው አካል አይደለም። ሥራው የተፈተነው በአሳማዎች ላይ ነው፤ ያውም ሆዳቸው ባዶ በሆነበት ሰዓት። እጅግ ብልህ ፈጠራ ነው፣ እኔም በጉጉት እከታተለዋለሁ፤ ነገር ግን በአሳማ ጨጓራ ከታየ ውጤት እስከ አንዲት የአራት ኪሎ እናት ጠረጴዛ ድረስ የብዙ ዓመት ፍተሻ አለ።

በሳንባ በኩል የሚሳብ ኢንሱሊን ግን እውን ሆኗል። የመጀመሪያው በ2006 ተፈቅዶ፣ ገዢ በማጣቱ በሚቀጥለው ዓመት አምራቹ ከገበያ አወጣው፤ ሁለተኛው በ2014 በአሜሪካ ተፈቅዶ እስካሁን አለ። የሳንባ ምርመራ ይጠይቃል፣ አስም ላለበት ወይም ለሚያጨስ ሰው አይሆንም፣ ደግሞም ቀኑን ሙሉ የሚቆየውን ኢንሱሊን አይተካም። በቆዳ ላይ የሚለጠፉ፣ ሕመማቸው የማይሰማ ረቂቅ መርፌዎች ያሏቸው ልጥፎችም ተስፋ የሚሰጡ ናቸው። በጋምቢያ ሕፃናት ላይ ለኩፍኝና ለሩቤላ ክትባት ተሞክረው ጥሩ ውጤት ማሳየታቸው በ2024 ታትሟል፤ አህጉራችን በዚህ መስክ ፈር ቀዳጅ መሆኑ ያስደስተኛል። ይሁን እንጂ ለክትባት የሚበቃው መጠን እጅግ ጥቂት ሲሆን ኢንሱሊን ግን በየዕለቱ፣ በብዛትና በትክክል ተመትሮ መግባት ስላለበት መንገዱ ገና ረጅም ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልሂድ። ጣት ላይ ተቆንጥጦ የኦክስጅን መጠን የሚያሳየው መሣሪያ በኮሮና ዘመን በየቤቱ ስለገባ፣ «ኦክስጅንን በብርሃን ከለካ ስኳርንስ ለምን አይለካም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መሠረቱን የጣለው ያ መሣሪያ የሚመለከተው ሄሞግሎቢንን ነው። ሄሞግሎቢን ቀይ ቀለም ያለው፣ ብርሃንን በኃይል የሚመጥና በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 150 ግራም ገደማ የሚገኝ ነው፤ ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ ደግሞ የቀለሙ ሁኔታ በግልጽ ይለወጣል። ስኳር ግን ቀለም የለውም፣ ጤናማ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለውም በአንድ ሊትር 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። በአምስት ሊትር ደማችን ውስጥ የተበተነው ስኳር ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ይህን በቆዳ፣ በስብ፣ በላብና ከሁሉ በላይ ራሱ ብርሃኑን በሚመጠው ውሃ ውስጥ አልፎ ለይቶ ማየት፣ ያውም በ100 እና በ140 መካከል ያለውን ልዩነት መንገር፣ ታላላቅ ኩባንያዎች ለበርካታ ዓመታት ብዙ ገንዘብ አፍስሰውበት ያልተሳካላቸው ሥራ ነው። ኦክስጅን መለኪያው ራሱ እንኳ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ እንዳለው በ2020 በታተመ ጥናት መታየቱን ልብ ይበሉ።

ሰዓት ፈጽሞ አልተሞከረም ማለትም አይደለም። በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደ፣ በቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት ከቆዳ ሥር ፈሳሽ እየሳበ ስኳርን የሚለካ ሰዓት ነበረ። ንባብ ከመስጠቱ በፊት እጅ ላይ ታስሮ ለሰዓታት መቆየትና በጣት ደም መስተካከል ነበረበት፣ ቆዳ ያቆስል ነበር፤ ላብ ሲያገኘውም ንባቡን ይዘላል። ላብ ደግሞ ስኳር ከልክ በላይ ሲወርድ ከሚታዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው፤ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይል ነበር ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከገበያ ወጣ። ያም ቢሆን በእውነት ፈሳሽ እየነካ የሚለካ መሣሪያ ነበረ፤ በሱቁ ያዩት ግን አረንጓዴ መብራት ከማብራት በቀር የሚነካው ነገር የለም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። አንድ ታካሚ ልጃቸው የገዛላቸውን እንዲህ ያለ ሰዓት ይዘው መጥተው ነበር። ሰዓቱ በእጃቸው ላይ ሆኖ 5.8 አለ። የሚጠቀመው በብዙ የውጭ ሀገሮች የተለመደውን ሚሊሞል በሊትር የሚባለውን መስፈሪያ ስለሆነ፣ በ18 ሲባዛ እኛ በምናውቀው 104 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ማለት ነው። በዚያው ደቂቃ እጃቸውን በሳሙና አስታጥበን ጣታቸውን ስንለካ 243 ሆነ። ከዚያ ሰዓቱን በተጠቀለለ ደረቅ ፎጣ ላይ አሰርነው፤ ጥቂት አሰበና 5.6 ብሎ ጻፈ። ፎጣው «ጤናማ» ነበር። ታካሚው ለሳምንታት በዚህ ቁጥር ተማምነው የማታውን ኢንሱሊን አንዳንድ ቀን ይተዉት እንደነበር ሲነግሩኝ እጅግ አዘንኩ። የዚህ ተቃራኒም አደገኛ ነው፤ ሰዓቱ ከፍ ያለ ቁጥር አሳይቷቸው ተጨማሪ ኢንሱሊን ቢወጉ፣ በተለይ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ በሚውሉበት ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን የሚያሰጋ የስኳር መውረድ ይገጥማቸዋል።

አንድ ልዩነት ግን መጠበቅ አለበት። በክንድ ወይም በሆድ ላይ የሚለጠፍ፣ ፀጉር የሚያህል ቀጭን ዘንግ ከቆዳ ሥር የሚያስገባና ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀናት ያህል ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ይህ እውነተኛና በጥናት የተረጋገጠ ነው። ንባቡን ወደ ስልክና ወደ እጅ ሰዓት ስለሚልክ፣ ፎቶውን ያየ ሰው ሰዓቱ ራሱ የለካ ይመስለዋል። የሚለካው በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ በመሆኑ ከደም ንባብ በጥቂት ደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል፤ በእኛ ከተማ አቅርቦቱ ውስን ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ መተካት ስላለበት ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። አቅም ካለዎት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ የሚገባው ለዚህ ነው።

አቅም ካልፈቀደ፣ ለሰዓቱ ያሰቡትን ገንዘብ በጣት ደም መለኪያው ስትሪፕ ላይ ያውሉት። በ1962 ሊላንድ ክላርክ የተባለው ተመራማሪ ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተው፣ ኢንዛይም የተቀባበት ያ ትንሽ ስትሪፕ ጠብታ ደም ሲነካው ኢንዛይሙ ከስኳሩ ጋር ይገናኛል፣ የሚፈጠረውም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ቁጥር ይለወጣል። ለዓለም አቀፉ መስፈርት ብቁ የሆነ መለኪያ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ላሉ ውጤቶች ከመቶው በዘጠና አምስቱ ከላቦራቶሪ በ15 በመቶ ውስጥ፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ በ15 ሚሊ ግራም ውስጥ መሆን አለበት። ፍጹም አይደለም፤ ስሕተቱ ግን የሚታወቅና የተገደበ ነው። ስሕተቱን የምናሰፋው ብዙውን ጊዜ እኛው ነን። ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጠው እጃቸውን ሳይታጠቡ የለኩ ሰው ከእውነተኛው እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያዩ ይችላሉ፤ አልኮል የነካ ጥጥ ብቻ ይህን በሚገባ አያስወግደውም፣ ውሃና ሳሙና ያስፈልጋል፤ እጅም መድረቅ አለበት። የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ንባብ ከፍ ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝም፣ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ወይም በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ መለኪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚያገለግል ያንብቡ። የአንዳንዶቹ ኢንዛይም በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ማነስ ይነካል። ጣት ሲወጋም መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ቢወጉ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

መርፌው የሰለቻቸው ስለሚያማቸው ከሆነም ብዙ ማቅለል ይቻላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይወጉ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ሆዳቸውን ወይም ጭናቸውን በመዳፍዎ ሲዳስሱ ከቆዳው ሥር ጠንከር ያለ ጉብታ ካገኙ፣ ያ በተደጋጋሚ መወጋት የመጣ የስብ እብጠት ነው። ብዙዎች እዚያ መውጋት የሚመርጡት ስለማያም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚመጠጠው ኢንሱሊን ዛሬ ጥቂት ነገ ብዙ ይሆናል። ቦታውን ሲቀይሩ ያው መጠን በድንገት በርትቶ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ለሐኪማቸው ነግረው በክትትል ያድርጉት። ሲሪንጁ ላይ 100 የሚል ምልክት መኖሩንና ከብልቃጡ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። የሚወጉት ኤን-ፒ-ኤች የተባለው፣ ደመና የሚመስለው የኢንሱሊን ዓይነት ከሆነም፣ ሳይወጉ በፊት በመዳፎች መካከል በዝግታ መሽከርከር አለበት፤ በኃይል መናጥ የለበትም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን በአዲስ አበባ አየር ጥላ ባለበት ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እዚህ ከሙቀት ይልቅ የማየው ስሕተት ብልቃጡን ከበረዶ ቤቱ ጋር አጠጋግቶ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም።

ሐኪሞች ለምን አይነግሩንም ላሉት፣ አብዛኞቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ በጥቁር አንበሳም ሆነ በየጤና ጣቢያው የስኳር ክትትል ቀን ወረፋውን ያየ ሰው ግን ስለ አሳማና ስለ ካፕሱል ለማውራት ጊዜ እንደሌለ ይረዳል። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ነገር ሲቀርብልዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚነካው የትኛውን የሰውነት ፈሳሽ ነው? ከላቦራቶሪ ደም ጋር ተነጻጽሮ በሰው ላይ ታይቷል? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦታል? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት መድኃኒትም የሕክምና መሣሪያም በዚህ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ሻጩ የምዝገባ ማስረጃ ማሳየት ካልቻለ ውይይቱ እዚያው ያበቃል።

ሰዓቱን ቀድመው ገዝተውት ከሆነ ጊዜ ለማየትና እርምጃ ለመቁጠር ይጠቀሙበት፤ የስኳሩን ገጽ ግን ከስክሪኑ ያጥፉላቸው፣ እናትዎ እንዳያዩት። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሲደርስ የቤት መለኪያቸውንና የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ላቦራቶሪው በባዶ ሆድ ደም ሲወስድላቸው በአምስት ደቂቃ ውስጥ በራሳቸው መለኪያ ጣታቸውን ለክተው ቁጥሩንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ ውጤቱ ሲመጣም ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከተጠቀሰው 15 በመቶ ካለፈ በሌላ ቀን ይድገሙት፤ አሁንም ካለፈ ስትሪፑ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱና መለኪያውን ይቀይሩ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸውንም እንዲለኩላቸው ይጠይቁ። እስከዚያው ንባቡ ከ70 በታች ከሆነ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ካዩ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ሦስትና አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ያድርሷቸው።